በረሃው ውስጥ የተጠበቀ መሬት፦ የላስ ቬጋስ ሁለተኛ አውሮፕላን ማረፊያ

የክላርክ ካውንቲ አስተዳደር አላሞ የተባለውን የግል አውሮፕላን ሜዳ በ1948 እ.ኤ.አ. ሲገዛ፣ ዙሪያው በረሃ ነበር። ዛሬ ሃሪ ሪድ የሚባለው ይህ ማረፊያ በከተማ ተከቦ፣ በ2024 ከ58 ሚሊዮን በላይ መንገደኞችን አስተናግዷል። በ2012 የተከፈተው፣ 2.4 ቢሊዮን ዶላር የፈጀው ሦስተኛ ተርሚናል የመንገደኛ ማስተናገጃውን አሰፋ እንጂ፣ ለተጨማሪ ማኮብኮቢያ የሚሆን መሬት አልፈጠረም።

ችግሩ አስቀድሞ ታይቶ ነበር። ኮንግረስ በ2000 ባወጣው ሕግ፣ ከከተማዋ በስተደቡብ በጂንና በፕሪም መካከል በሚገኘው የኢቫንፓ ሸለቆ ያለ የፌዴራል መሬት ለካውንቲው እንዲሸጥ ፈቀደ፤ ወደ 6 ሺህ ኤክር የሚጠጋው መሬትም በ2004 ተገዛ። የኢኮኖሚ ቀውሱ ሲመጣ ግን የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናቱ በ2010 ተቋረጠ። ማረፊያው የሚተዳደረው በአካባቢው ግብር ሳይሆን ከአየር መንገዶችና ከተጠቃሚዎች በሚሰበሰብ ክፍያ ነውና፣ መንገደኛ ሲቀንስ ማዘግየቱ የሚያስወቅስ አይመስለኝም። ትልቁ ቁም ነገር መሬቱ በካውንቲው እጅ መቆየቱ ነው። (በቁማር ከተማ እንዲህ ያለ ትዕግሥት ብርቅ ነው።)

አዲሱ ማረፊያ በ2037 እንዲከፈት ታቅዷል። የአሁኑ ማረፊያ ከሆቴሎቹ አጠገብ መሆኑ፣ ታክሲ ለሚያሽከረክሩ በርካታ ወገኖቻችን እንጀራ ነው። ሸለቆው ግን ከሆቴሎቹ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ያን ሁሉ መንገድ ተጓዡን ማን፣ በምን ዋጋ እንደሚያመላልሰው የሚወሰነው ዕቅዱ ገና በወረቀት ላይ ሳለ ነው።