ጡትና ልብ

ዊልያም ብሌክን ሳስተምር በእጄ የምይዘው ጄፍሪ ኬይንስ ያዘጋጀውን እትም ነበር። ሰውዬው የኢኮኖሚ ሊቁ የሜይናርድ ኬይንስ ታናሽ ወንድም ነው። ለግጥም እንዲያ የተጨነቀ ሰው እንጀራውን የሚበላው ግን በቢላ ነበር፤ የቀዶ ሕክምና ሐኪም።

በዚያ ዘመን ለጡት ካንሰር የሚመዘዘው ቢላ አሜሪካዊው ሃልስቴድ ያስለመደው ነው፤ ጡቱን ከደረት ጡንቻውና ከብብቱ ዕጢ ጋር ጠራርጎ ማውጣት። ኬይንስ በ1920ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ለንደን ውስጥ የራዲየም መርፌ ጡት ላይ እየሰካ ሴቶቹን ከነጡታቸው ይሸኝ ጀመር። ሌሎቹ ሐኪሞች እስኪቀበሉት ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። በርናርድ ፊሸርና ባልደረቦቹ በ2002 ባወጡት የ20 ዓመት ክትትል፣ እብጠቱ ብቻ ከወጣላቸው ሴቶች ጨረር ባገኙት ላይ ካንሰሩ እዚያው ጡት የተመለሰው በ14.3 በመቶው ነው፤ ባላገኙት ላይ በ39.2 በመቶው። ዕድሜያቸውም ጡታቸው ከተቆረጠው ሴቶች አላጠረም።

እሺ፣ ጨረሩ ይሠራል። ግን የት የት ይደርሳል? ከጡት ሥር ሳንባ አለ፤ በግራ በኩል ደግሞ ልብ። ድሮ ይህ የሚሰላው በእርሳስ ነበር። ሽቦ ደረቷ ላይ አጥፎ ቅርጹን ወረቀት ላይ መንደፍ፣ የጨረሩን መጠን የሚያሳዩትን መስመሮች ደራርቦ ነጥብ በነጥብ መደመር። ይኸው ሁሉ ልፋት ለአንድ የደረት ቁራጭ ብቻ! በ1955 ሲየን የተባለ ተመራማሪ መደመሩን ቀዳዳ ካርድ ለሚያነብ ማሽን ሰጠው። ማሽኑ ፈጣን ነው፤ የልቧን ቦታ ግን ማን ይንገረው? የነገረው ሲቲ ስካን ነው። የቢትልስን ሸክላ ያሳትም የነበረው የኢኤምአይ መሐንዲስ ሃውንስፊልድ የሠራው መሣሪያ በ1971 የመጀመሪያዋን ታማሚ አነሳ። በመጀመሪያ የሚያየው ጭንቅላት ብቻ ነበር፤ ወደ ደረት የወረደው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው።

እስከዚያ የታከሙትስ? በ2013 ሣራ ዳርቢና ባልደረቦቿ ከ1958 እስከ 2001 ስዊድንና ዴንማርክ ውስጥ ጨረር የወሰዱ የ2,168 ሴቶችን መዝገብ መረመሩ። የድሮውን ሕክምና በኮምፒውተር፣ የተለመደ የሰውነት አቋም ባላት ሴት ሲቲ ምስል ላይ፣ እንደገና አቀዱት። ልብ ያገኘው አማካይ ጨረር በአንድ ግሬይ በጨመረ ቁጥር የከባድ የልብ ሕመም አደጋ በ7.4 በመቶ ይጨምራል። ከዚህ በታች ከሆነ አይጎዳም የሚባል መጠንም አላገኙም። እነዚያ ሴቶች ከካንሰሩ አመለጥን ብለው ልጅ ያሳደጉ ናቸው እኮ።

ዛሬ የግራ ጡቷን የምትታከም ሴት በብዙ ሆስፒታሎች «አየር ስበሽ ያዢ» ትባላለች። ሳንባዋ ሲሞላ ልቧ ከጡቷ ይሸሻል። ኮምፒውተሩም ዕቅዱን የሚያወጣው በዚያች በተያዘች ትንፋሽ ከተነሳው ምስል ነው።