የቤት ዋይፋይ፦ ክፍት ይተው ወይስ በይለፍ ቃል ይጠበቅ?

የቤት ዋይፋይ የሚሠራው በሬዲዮ ሞገድ በመሆኑ በግድግዳ ወይም በግቢ አጥር አይገታም። በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ከላይና ከታች ላሉ ቤቶች፣ በመንደር ደግሞ ለጎረቤትና ለመንገደኛ ይደርሳል። በዚህ ምክንያት የቤት ኔትወርክን በይለፍ ቃል መጠበቅ ተገቢ ነው። ኢንተርኔትን ለሌሎች ማካፈል የሚፈልግ ደንበኛም ኔትወርኩን ክፍት ሳይተው ማካፈል ይችላል።

ክፍት ኔትወርክ የሚያስከትላቸው ስጋቶች

የይለፍ ቃል በሌለው ኔትወርክ ከመሣሪያ ወደ ራውተር የሚተላለፈው መረጃ በአብዛኛው አይመሰጠርም። የባንክና የክፍያ መተግበሪያዎች መረጃን በራሳቸው ስለሚመሰጥሩ ስጋቱ ከቀድሞው ቀንሷል፤ ሆኖም ፈጽሞ አልተወገደም። ወደ ኔትወርኩ የገባ ሰው ከቤቱ ኮምፒውተር፣ ፕሪንተር ወይም የደኅንነት ካሜራ ጋር ለመገናኘት ሊሞክር ይችላል። የራውተሩ የአስተዳደር ይለፍ ቃል ካልተቀየረም ቅንብሩን ለውጦ ተጠቃሚዎችን ወደ ሐሰተኛ ድረ ገጽ ሊመራ ይችላል።

ሁለተኛው ስጋት ከተጠያቂነት ጋር የተያያዘ ነው። ከአንድ ራውተር ጋር የተገናኙ መሣሪያዎች በኢንተርኔት ላይ በአብዛኛው የሚታወቁት በአንድ የአይፒ አድራሻ ነው። ማንነቱ ያልታወቀ ሰው በመስመሩ የማጭበርበር ወይም የማስፈራራት ድርጊት ቢፈጽም፣ ምርመራው መስመሩ በስሙ ከተመዘገበው ደንበኛ ሊጀምር ይችላል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት ወይም ኔትወርክ መግባትን በወንጀል ያስቀጣል። ነገር ግን ኔትወርኩ ለማንም ክፍት ከነበረ ድርጊቱን የፈጸመውን ሰው ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ይሆናል።

ከዚህ በተጨማሪ የመስመሩ ፍጥነት ለተገናኙት ሁሉ ስለሚከፋፈል፣ ደንበኛው የከፈለበትን አገልግሎት በሚፈልገው መጠን ላያገኝ ይችላል።

ለጎረቤት ማካፈል

በአንድ ግቢ የሚኖሩ ቤተሰቦች ኢንተርኔት መጋራታቸው ወይም ተማሪ ልጅ ላለው ጎረቤት ማካፈል የመተጋገዝ ባህላችን አካል ነው። ለዚህ ዓላማ በብዙ ራውተሮች ላይ የሚገኘውን የእንግዳ ኔትወርክ መጠቀም ይመረጣል። የእንግዳ ኔትወርክ የራሱ ስምና የይለፍ ቃል ሲኖረው፣ እንግዶች የቤተሰቡን መሣሪያዎች ሳያገኙ ኢንተርኔት እንዲጠቀሙ ያስችላል። ተከራይ ወይም ተጋሪ ሲለቅ የይለፍ ቃሉ መቀየር አለበት። መስመሩን በክፍያ ለማካፈል ከማሰብ በፊት የአገልግሎት ውሉን መመልከት ያስፈልጋል።

ኔትወርኩን ለመጠበቅ የሚከናወኑ ተግባራት

1. ከራውተሩ ጋር በተገናኘ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ማሰሻ ላይ፣ በራውተሩ ላይ የተለጠፈውን አድራሻ (ብዙ ጊዜ 192.168.1.1) በመጻፍ ወደ አስተዳደር ገጹ መግባት።
2. ከፋብሪካ የመጣውን የአስተዳደር ይለፍ ቃል መቀየር። ይህ ከዋይፋዩ የይለፍ ቃል የተለየ ነው።
3. ከምስጠራ ዓይነቶች ደብሊውፒኤ3ን፣ ከሌለ ደብሊውፒኤ2ን መምረጥ። ዌፕ የተባለው የቆየ ዓይነት በቀላሉ እንደሚሰበር ከእ.ኤ.አ. 2001 ጀምሮ ስለታወቀ መመረጥ የለበትም።
4. ለዋይፋዩ ቢያንስ 12 ፊደላትና ቁጥሮች ያሉት የይለፍ ቃል መስጠት። የስልክ ቁጥር፣ የቤት ቁጥር ወይም የልጅ ስም በቀላሉ ስለሚገመት አይመከርም።
5. በአጭር የቁጥር ኮድ ለመገናኘት የሚያስችለውን ደብሊውፒኤስ ማጥፋትና የራውተሩን ሶፍትዌር ማሻሻያ መጫን።
6. የተገናኙ መሣሪያዎችን ዝርዝር በየጊዜው መመልከትና የማይታወቅ መሣሪያ ሲገኝ የይለፍ ቃሉን መቀየር።

የኔትወርኩን ስም መደበቅ ብቻውን ጥበቃ አይሆንም፤ የተደበቀ ስም በቀላሉ በሚገኙ ሶፍትዌሮች ሊታወቅ ይችላል።

ሊታወቅ የሚገባ

የይለፍ ቃሉ ከተቀየረ በኋላ ሁሉም መሣሪያዎች በአዲሱ የይለፍ ቃል እንደገና መገናኘት ይኖርባቸዋል። የአስተዳደር ይለፍ ቃሉን የረሳ ደንበኛ ራውተሩን ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ የሚመልሰውን ቁልፍ ከመጫኑ በፊት አገልግሎት ሰጪውን ማነጋገር ይኖርበታል፤ የኢንተርኔት መስመሩ ቅንብር አብሮ ሊጠፋና አገልግሎቱ ሊቋረጥ ይችላልና። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ለዚህ ወደ 994 መደወል ይችላሉ።