ሲኒያችን ከወዴት መጣ?

የእድራችን የዕቃ መዝገብ ሲገለጥ ከድንኳኑና ከወንበሩ ቀጥሎ የሚገኘው ሲኒ ነው፤ በየዓመቱ ቆጠራ የሚጎድለውም እሱው ነው። ዘንድሮ ግን ከጉድለቱ በፊት ስለ ታሪኩ ጥቂት ልናወጋ ወደድን።

ሲኒ የሚለው ስም የመጣው ከዐረብኛ ሲሆን ትርጓሜውም «የቻይና» ማለት ነው። ዐረቦች ቻይናን «ሲን» ይሏታልና። እንግዲህ «ሲኒ ደርድሪ» ባልን ቁጥር ሳናስበው የሩቅ አገር ስም እንጠራለን። ዕቃውም ቢሆን የትናንት እንግዳ አይደለም። ከድሬዳዋ አጠገብ በሐርላ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተደረገው ቁፋሮ የቻይና ሸክላ ስባሪ ተገኝቷል። ያ የንግድ ከተማ ፈርሶ ከቀረ 500 ዓመት አልፎታል።

የጥንት ዕቃ ሰብሳቢዎች አብዝተው የሚሹት ባለ ቀለሙን ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው፦ ነጩ ዕቃ በ1,300 ዲግሪ ገደማ ይተኮሳል፤ ከዚያ ከተፈጨ ብርጭቆና ከማዕድን በተቀመመ ቀለም ተሥሎ እንደገና በ800 ዲግሪ ገደማ እሳት ይገባል። ሮዝ ቀለሙን የሚሰጠው፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ወርቅ ነው።

እኛን ያስደነቀን ግን የዶሮው ሲኒ ነገር ነው። የቻይናው ንጉሥ ቼንግኋ በነገሠበት ዘመን (1465–1487 እ.ኤ.አ.)፣ ማለት በእኛ አገር ዐፄ በእደ ማርያም በነበሩበት ዘመን፣ አውራ ዶሮ፣ እናት ዶሮና ጫጩቶች የተሣሉባቸው ትናንሽ ሲኒዎች ተሠርተው ነበር። የአፋቸው ስፋት 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ዛሬ ያሉት 20 እንኳ አይሞሉም ይባላል። አንዱ በ2014 እ.ኤ.አ. ሆንግ ኮንግ ላይ በ36 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተሸጠ። ታዲያ ገዢው ሊዩ ዪቺያን ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሻይ ቀድቶ ጠጣበት! ብዙ ሰው ተቆጣው። እኛ ግን ደግ አደረገ እንላለን፤ ሲኒ መጠጫ ነው።

በየቁም ሳጥናችን ያለው ባለ ወርቅ ጠርዝ ሲኒ አብዛኛው የፋብሪካ ሥራ ነውና ማንም በሚሊዮን አይገዛንም። ቢሆንም በአጠገባችን ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ፣ ጓዝ በሚጠቀለልበት ጥድፊያ፣ የእናት የሙሽርነት ሲኒ በፕላስቲክ ጆግ ለልዋጭ ሲሰጥ አይተን አዝነናል። እባካችሁ፣ ከመስጠታችሁ በፊት ገልብጣችሁ ከሥር ያለውን ማኅተም እዩ፤ ከማን እጅ እንደ ወረደም ለልጆቻችሁ ንገሩ። የጠርዙ ወርቅ በዝቅተኛ እሳት የተያዘ ስለሆነ በአመድና በሽቦ ከተፈተገ ይለቃል፤ በለስላሳ ጨርቅ ይታጠብ።

ካለፈው ለቅሶ ቤት ያልተመለሱትን የእድሩን ሲኒዎች የያዛችሁ ደግሞ፣ ከቆጠራው በፊት ለዕቃ ቤት ኃላፊው አስረክቡ።