ከ«ፎርማት» በፊት፤ በአሮጌ ሰርቨር ላይ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንደ ገና ስለ መጫን

በየካ ክፍለ ከተማ በመገናኛ አካባቢ ካሉት የኮምፒዩተር መጠገኛ ሱቆች ወደ አንዱ የገባ ደንበኛ፣ ማሽኑ እንደ ዘገየበት ወይም አልነሣ እንዳለው ሲናገር፣ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ቃሉ በጥብቅ ትርጉሙ ዲስክን ለጽሑፍ ማዘጋጀት ማለት ነው። በከተማው አነጋገር ግን ነባሩን ኦፐሬቲንግ ሲስተም አንሥቶ ሌላ መትከልን፣ ድራይቨሮችን መጫንን፣ የጽሕፈት ፕሮግራሙንና የፊደል ፎንቱን መመለስን ሁሉ ጠቅልሎ የያዘ ስም ሆኗል። የሥራው ስም ከማጥፋት መወሰዱ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነው። ባለቤቱ ፋይሎቹን በፍላሽ ገልብጦ ለያዘው ላፕቶፕ አጠራሩ ጉዳት የለውም። የመሥሪያ ቤት መዝገብ ለ10 ወይም ለ15 ዓመት ሲጠራቀምበት ለኖረ ሰርቨር ግን ማጥፋት የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው እርምጃ ሊሆን አይገባውም። ከባለሙያዎቻችን ብዙዎቹ እጃቸውን ያፍታቱት በዴስክቶፕ ላይ በመሆኑ፣ ወደ ሰርቨር በተሻገሩ ጊዜ ከሚማሩት አዲስ ነገር ይልቅ የሚተዉት የቆየ ልማድ ይከብዳቸዋል።

ልማዱ ከየት እንደ መጣ ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲስተም/360 በሚል ስም የታወቁትን ኮምፒዩተሮች እ.ኤ.አ. በ1964 ሲያስተዋውቅ፣ ለእነርሱ የተዘጋጀው ኦ.ኤስ./360 ለደንበኛው የሚደርሰው ያለቀለት ዕቃ ሆኖ አልነበረም። በመግነጢሳዊ ቴፕ ተቀርጾ የሚላከው ገና ሊገጣጠም የሚገባው ጥሬ ነገር ነበር ማለት ይቻላል። የደንበኛው ባለሙያ በማሽን ክፍሉ ያለውን ሁሉ፣ ይኸውም የማስታወሻውን መጠን፣ የዲስኩንና የቴፑን ዓይነት፣ የማተሚያውን አድራሻ ሳይቀር በቀዳዳ ካርዶች ላይ ይዘረዝራል። ኮምፒዩተሩ ዝርዝሩን አንብቦ ተከታታይ የሥራ ትእዛዞችን ያወጣል፤ ትእዛዞቹ በተራቸው ሲፈጸሙ ለዚያ ማሽን የተስማማ ሲስተም ይገነባል። ሥራው «ሲስተም ጄኔሬሽን» ይባል ነበር። አድካሚና ብዙ ሰዓት የሚፈጅ ከመሆኑም በላይ አንዲት የተሳሳተች ካርድ ሁሉንም ወደ መጀመሪያው ልትመልሰው ትችላለች። ይሁን እንጂ አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ የማሽኑን አካል በጽሑፍ ሳይዘረዝር ሲስተም ማቆም የሚችል አልነበረም።

በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ዩኒክስን ፒ.ዲ.ፒ.-11 በተባሉት አነስተኛ ኮምፒዩተሮች ላይ ይጭኑ የነበሩትም ከዚህ እውቀት ነጻ አልነበሩም። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ትእዛዞች በማሽኑ ፊት በተደረደሩት መቀያየሪያዎች በእጅ የሚያስገቡበት ጊዜ ነበር። የግል ኮምፒዩተር ከተስፋፋ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ሲስተሙ መጀመሪያ በፍሎፒ፣ ቀጥሎም በሲዲ ታሽጎ የሚሸጥ ዕቃ ሆነ፤ መጫኛው ፕሮግራም ማሽኑን ራሱ እየፈተሸ የሚያስፈልገውን የሚመርጥ ሆነ። ሰውም ዝርዝር መጻፉን ተወ። ማቅለሉ የሚነቀፍ አይደለም፤ ያለ እርሱ ኮምፒዩተር ከጥቂት መሥሪያ ቤቶች ባልወጣም ነበር። ጉድለቱ የታየው መጫኛው የማያውቀው ማሽን በገጠመው ጊዜ ነው። በዊንዶውስ 2000ና በዊንዶውስ ሰርቨር 2003 ዘመን የመጫኛው ሲዲ የሰርቨሩን የዲስክ መቆጣጠሪያ ካርድ ካላወቀው፣ ስድስት ዲስክ በተሰካበት ማሽን ፊት «ዲስክ አልተገኘም» ብሎ ይቆም ነበር። መፍትሔው ገና ሥራው ሲጀመር የኤፍ 6 ቁልፍን ተጭኖ የካርዱን ድራይቨር ከፍሎፒ ማስነበብ ነው። ፍሎፒ ከገበያ በጠፋባቸው ዓመታት አንዲት የምትሠራ ፍሎፒ ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ መዞር የሙያው አንድ ክፍል ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከካርዱ በስተጀርባ ያለው ነገር ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ የተባሉ የበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ባቀረቡት ጽሑፍ «ሬይድ» የሚለውን ስም የሰጡት አሠራር፣ ብዙ ርካሽ ዲስኮችን አስተባብሮ እንደ አንድ ዲስክ ያሠራል። በሬይድ 5 ከዲስኮቹ አንዱ ቢበላሽ የጠፋው ክፍል ከቀሩት ተሰልቶ ይገኛል፤ ሁለት ከተበላሹ ግን ሁሉም ይጠፋል። የትኛው ዲስክ በስንተኛ ተራ እንደሚሰለፍና መረጃው በምን ያህል ቁራጭ እየተከፋፈለ እንደ ተጻፈ የሚያሳየው ካርታ የሚቀመጠው በራሳቸው በዲስኮቹ ላይና በካርዱ ውስጥ ነው። ካርዱ ተበላሽቶ ሌላ ሲተካ፣ አዲሱ ካርድ በዲስኮቹ ላይ ከሌላ የመጣ አሰላለፍ ማግኘቱን ገልጾ በብዙዎቹ ዓይነቶች ሁለት ምርጫ ያቀርባል፤ ተቀበል ወይም አጽዳ። ፎርማት የለመደ እጅ በቀላሉ ወደ ሁለተኛው ያደላል። በዚያች ቅጽበት ከመረጃው አንዲት ፊደል ባትፋቅም ካርታው ግን ይጠፋል፤ የዲስኮቹን ተራና የቁራጩን መጠን በወረቀት የያዘ ሰው ከሌለ መልሶ ማግኘቱ ከባድ ይሆናል። ስለዚህ ነገሩን የሚያውቅ ባለሙያ ማንኛውንም ሲዲ ከማስገባቱ በፊት ዲስኮቹን ሳይነቅል ቁጥር ይለጥፍባቸዋል፤ የመቆጣጠሪያውን ገጽ ከስክሪኑ ላይ ይገለብጣል፤ የመጠባበቂያ ቅጂውን በሌላ ማሽን ላይ ከፍቶ ያነባል። ተከፍቶ ያልተነበበ ቅጂ እንደ ቅጂ አይቆጠርም። ከተቻለም አዲሱን ሲስተም በሌላ ዲስክ ላይ ይጭንና አሮጌዎቹን ለጊዜው እንዳሉ ይተዋቸዋል። ይህ ሁሉ፣ በካርድ ፈንታ በወረቀት ይሁን እንጂ፣ የ1960ዎቹ ዝርዝር ነው።

ዲስክን የሚያበላሸው ምክንያት ብዙ ነው። መብራት መቆራረጥ አለ፣ አቧራ አለ፣ እርጅና አለ። በየካ ግን ከፍታውን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ታዋቂ የሰርቨር አምራቾች በመመሪያቸው እስከ 950 ሜትር ከፍታ ድረስ ማሽኑ በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊሠራ እንደሚችል ጽፈው፣ ከዚያ በላይ ለየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀንሳሉ። አየሩ በሳሳ መጠን ማራገቢያው የሚያስወጣው ሙቀት ያንሳልና። 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ላለ ቢሮ ቅናሹ ወደ 5 ዲግሪ ይጠጋል። ወደ እንጦጦ ሲወጣ ደግሞ ሌላ ወሰን ይመጣል። የሚሽከረከር ዲስክ ማንበቢያ ጭንቅላት ከዲስኩ ገጽ ላይ ተንሳፎ የሚቆየው በስስ የአየር ትራስ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ጭንቅላቱ ወደ ገጹ ይቀርባል። ብዙ አምራቾች ለሥራ የሚፈቅዱት ከፍታ 3,048 ሜትር፣ ማለትም 10,000 ጫማ ነው። እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች የቆሙበትና በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ የሚገኘው በ3,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ለኮከብ ተመልካች በረከት የሆነው ስስ አየር ለዲስክ ጭንቅላት ጠላት ነው ማለት ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው 70 ኪሎ ግራም የምትመዝነው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ.-1 መረጃዋን ትልክበት የነበረው ጣቢያ የተተከለውም በዚሁ በእንጦጦ ነው። የምድር ምስል ደግሞ ዋጋው እየቆየ የሚጨምር መዝገብ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የተጠራቀመው የላንድሳት ክምችት ከአንዱ የማሽን ትውልድ ወደ ሌላው እየተሸጋገረ እዚህ ደርሷል። በእንዲህ ያለ ቦታ ሲስተም እንደ ገና ሲጫን የሚሽከረከረውን ዲስክ ተንቀሳቃሽ አካል በሌለው ኤስ.ኤስ.ዲ. ወይም እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ለገበያ በቀረበው፣ ሂሊየም ተሞልቶ በታሸገ ዲስክ መተካት የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

ዲስኩ ደኅና ሆኖ፣ ፋይሉም ሳይነካ፣ መዝገቡ ግን የማይነበብበት ጊዜ አለ። ይህ በተለይ የእኛ ጉዳይ ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. እንደ ዶክተር አበራ ሞላና እንደ አቶ ፍስሐ አጥላው ያሉ በአሜሪካ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ፊደልን በኮምፒዩተር ለማስጻፍ ሲደክሙ፣ ከዚያም በኋላ እነ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በየቢሮው ሲገቡ፣ በአንድ ፎንት ውስጥ ያለው ቦታ ከ256 አይበልጥም ነበር። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ አይበቃም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሠሪ የላቲን ፊደላትን ቦታ በራሱ መንገድ አከፋፈለ። በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም፤ ኮምፒዩተሩ ፎርማት ተደርጎ ፎንቱ ያልተመለሰ እንደ ሆነ ደግሞ የአማርኛው ደብዳቤ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ሆኖ ይወጣል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ 345 ምልክቶች ይዞ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዊንዶውስ ግን ናያላ የተባለውን ፎንት አብሮ ይዞ የመጣው በቪስታ፣ በ1999 ዓ.ም. ነው። የየካ ክፍለ ከተማ የተቋቋመው አዲስ አበባ በ10 ክፍላተ ከተማ በተዋቀረችበት በ1995 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ እንደዚህ ያለ መሥሪያ ቤት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በኮምፒዩተር የጻፈው የአማርኛ መዝገብ በአብዛኛው በእነዚያ የግል አሠራሮች የተጻፈ ሊሆን እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ ከየካና ከቦሌ ተከፍሎ ሲመሠረት እንደ ታየው፣ መዝገብ ከቢሮ ወደ ቢሮ የሚዛወርበት ጊዜም ይመጣል።

በሰርቨር ላይ አደጋው ይብሳል። በዳታቤዝ ውስጥ ያለ የባለ ይዞታ ስም በአሮጌው አሠራር የተጻፈ ከሆነ፣ ለማሽኑ የምዕራብ አውሮፓ ፊደል ነው፤ የኮድ ገጹም 1252 ነው። አዲሱ ሲስተም ሲጫን ሌላ የኮድ ገጽ ቢመረጥና መረጃው ወደዚያ ቢገለበጥ፣ ማሽኑ ያላወቀውን ፊደል ሁሉ በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። ስሙ ዳግመኛ አይመለስም። ፎንት ኋላ ሊጫን ይችላል፤ የጥያቄ ምልክት ግን ማን እንደ ነበረ አይናገርም። ስለዚህ የኮድ ገጹ ቁጥርና የፎንቱ ስም በዚያው የዲስኮቹ ተራ በተጻፈበት ወረቀት ላይ ሊሰፍሩ ይገባል።

የሰዓቱም ነገር እንዲሁ ነው፤ ግን ይቀላል። በአሮጌ ሰርቨር ውስጥ ያለችው ትንሽ ባትሪ ስትሞት ማሽኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ይነሣል፤ መጫኛውም የፕሮግራሞቹን የዲጂታል ፊርማ ገና ጊዜው ያልደረሰ አድርጎ አይቶ ሊከለክል ይችላል። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ሲዲው ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ፍለጋ ይሄዳል። በዊንዶውስ የሰዓት ክልል ዝርዝር ውስጥም አዲስ አበባን የሚፈልግ አያገኛትም፤ የሚመረጠው ናይሮቢ ነው።

በነጻ ሶፍትዌር በኩል የተጓዙትንም ያው የካርዱ ጉዳይ አግኝቷቸዋል። ሬድ ሃት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው 8ኛው እትም ብዙ የቆዩ የዲስክ መቆጣጠሪያ ካርዶችን ድራይቨር አስቀረ፤ እርሱን ተከትሎ የሚሠራው ሴንትኦኤስም እንዲሁ። የሴንትኦኤስ 8 ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ፣ የ7ኛው ደግሞ ሰኔ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲያበቃ፣ አሮጌ ሰርቨር የያዘ ሁሉ መንገድ መምረጥ ግድ ሆነበት። አንዳንዶቹን ካርዶች ዛሬም ወደሚያውቀው ወደ ዴቢያን መዞር ይቻላል። በሬድ ሃት ቤተሰብ ለመቆየት የፈለገ ደግሞ ኤልሬፖ የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ቡድን የሚያዘጋጀውን ድራይቨር በፍላሽ ይዞ፣ ሥራው ሲጀመር ለመጫኛው ያስነብበዋል። በኤፍ 6 ቁልፍና በፍሎፒ ይሠራ የነበረው ሥራ ማለት ነው። የትኛው ድራይቨር እንደሚያስፈልግ ለማወቅም የሰርቨሩ ክዳን ተከፍቶ በካርዱ ላይ የታተመው ቁጥር መነበብ አለበት።