ቮላኖው ሲለወጥ ፍሪሲዮኑ ይለወጣልን? ስለ ሁለት የመኪና ዕቃዎች ታሪክ የቀረበ አጭር ጥናት

መግቢያ

ባለፈው ክረምት አጎቴ የሚተዳደርባት የናፍጣ መኪና ከካምቢዮዋ በኩል ድምፅ ማሰማት ጀመረች። ጋራዥ ተወስዳ ካምቢዮው ወርዶ ቢታይ የተበላሸው ቮላኖው ሆኖ ተገኘ። መካኒኩ ሞላ ያለበትን አሮጌውን ቮላኖ አውጥቶ፣ ከአንድ ወጥ ብረት የተሠራውንና ዋጋው የሚቀለውን እንዲያስገባ አጎቴን መከረው። አጎቴም «ሸራውስ?» ብሎ ጠየቀ። መካኒኩ «እሱ ገና ነው፤ ብዙ ይሠራልዎታል» ሲል መለሰለት። ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ መኪናይቱ ቆማ ስትሠራ መንቀጥቀጥ፣ ካምቢዮዋም መንኳኳት ጀመረ። ካምቢዮው ለሁለተኛ ጊዜ ወረደ፤ የእጅ ዋጋም ሁለተኛ ተከፈለ፤ ስንት ቀንም ያለ ሥራ ታለፈ።

የታሪክ ተማሪ ስለ መኪና ዕቃ ምን አገባው የሚል አንባቢ አይጠፋም ይሆናል። እኔም በመጀመሪያ እንዲሁ አስቤ ነበር። ነገር ግን ነገሩን በመረመርሁ ጊዜ ስሕተቱ የእጅ ሥራ ስሕተት ሳይሆን የታሪክ ስሕተት መሆኑን ተረዳሁ። መካኒኩ የሰጠው መልስ ለአንድ ዘመን መኪና የሚስማማ ነበር፤ የአጎቴ መኪና ግን የሌላ ዘመን ናት። የዚህች ጽሑፍ አሳብም ይኸው ነው፤ ቮላኖና ፍሪሲዮን በየዘመኑ ሥራቸውን ሲከፋፈሉና ሲለዋወጡ ኖረዋል፤ ስለዚህ አንዱ ሲለወጥ ሌላው ይለወጥ እንደ ሆነ ለማወቅ በዚያች መኪና ላይ የትኛው ሥራ በማን እጅ እንዳለ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ስሞቹን በአጭሩ ላስረዳ። ቮላኖ በሞተሩ ጫፍ ላይ በቡሎን የሚታሰረው ከባድ ክብ ብረት ነው። ፍሪሲዮን ደግሞ የሞተሩን ኀይል ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኝና የሚያለያይ መሣሪያ ሲሆን፣ በቮላኖው ፊትና በተጫኝ ሳህን መካከል የሚጣበቀው ክፍል ሸራ ይባላል። ቮላኖ፣ ፍሪሲዮንና ካምቢዮ የሚሉት ቃላት፣ እንደ ፍሬንና እንደ ጎማ ሁሉ፣ ከጣሊያንኛ ወደ ጋራዦቻችን የገቡ ናቸው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

፩. ከእንዝርት እስከ ሞተር

የቮላኖ አሳብ ከሞተር እጅግ ይቀድማል። ፈታይ እንዝርቷን ባሾረች ጊዜ፣ በእንዝርቱ ላይ የተሰካው ክብ ነገር ጣቷ ከለቀቀም በኋላ መዞሩን ያቆየዋል። ክብደት አንዴ ከዞረ በቀላሉ አይቆምም፤ በጥቂት በጥቂቱ የተሰጠውን ኀይል አጠራቅሞ ሳይቆራረጥ ይመልሳል።

የእንፋሎት ሞተር ፒስቶን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ የሚሄድ በመሆኑ፣ እንቅስቃሴውን ወደ መዞር ለመለወጥ እንግሊዛዊው ጄምስ ፒካርድ በ1780 በክራንክ ለመጠቀም የባለቤትነት መብት አወጣ። ጄምስ ዋትም ያንን መብት ለመሸሽ በ1781 በጥርስ የሚዞር ሌላ ዘዴ አስመዘገበ። በሁለቱም ዘንድ ግን ፒስቶኑ ጫፍ ደርሶ ለመመለስ በሚቆምበት ቅጽበት ሞተሩን የሚያሻግረው የቮላኖው ክብደት ነበር።

ካርል ቤንዝ በ1886 መብቱን ባስመዘገበለት መኪና ላይ ይህ አስፈላጊነት ይበልጥ ጎላ። ሞተሩ አንድ ሲሊንደር ብቻ የነበረውና ከአራት የፒስቶን ጉዞዎች በአንዱ ብቻ ኀይል የሚሰጥ ነበርና፣ ሦስቱን ጉዞዎች የሚሸከም ትልቅ ቮላኖ ተገጠመለት። የኋላ ሰዎች ደግሞ ለቮላኖው ሌላ ሥራ ጨመሩለት። በ1908 የወጣው የፎርድ ሞዴል ቲ ለእሳት መስጫው ኤሌክትሪክ የሚያመነጩትን 16 ማግኔቶች በቮላኖው ላይ አሰረ። ካዲላክ በ1912 በኤሌክትሪክ የሚነሣ መኪና ካቀረበ ወዲህም፣ የቮላኖው ዙሪያ የማስነሻው ጥርስ የሚነክስበት ስፍራ ሆነ።

፪. ከቆዳ እስከ ሸራ

የጥንቱ ፍሪሲዮን ከዛሬው ፈጽሞ የተለየ ነበር። የቮላኖው ውስጥ እንደ ማንቆርቆሪያ ተሸርሽሮ፣ ቆዳ የለበሰ ሾጣጣ ብረት በሞላ ኀይል ወደ ውስጡ ይገፋ ነበር። ቆዳው ሲደርቅ መኪናዋ እየዘለለች ትነሣለች፤ ዘይት ሲነካው ደግሞ ይንሸራተታል። ስለዚህ ሹፌሩ ለደረቀው ቆዳ የጉሎ ዘይት ይቀባ፣ ለሚንሸራተተው ደግሞ ዘይት መጣጭ የሆነ የአፈር ዱቄት ይነሰንስ ነበር። በዚያ ዘመን ቆዳው የቮላኖውን ቅርጽ ይዞ የሚያልቅ ስለ ነበረ፣ ሁለቱ በአንድነት የተበጁ ነበሩ ማለት ይቻላል።

እንግሊዛዊው ኸርበርት ፍሩድ በ1897 የጀመረውና በኋላ ፌሮዶ በሚል ስም የታወቀው ሥራ ይህን ለወጠው። ከድርና ማግ የተሠራ፣ ቆይቶም አስቤስቶስ የተቀላቀለበት ልባስ ሙቀትን ከቆዳ አብልጦ ቻለ። ሾጣጣው ቀርቶ ጠፍጣፋው ደረቅ ሸራ ሲስፋፋም፣ ሸራው እንደ ጫማ ሶል ለብቻው የሚለወጥ ዕቃ ሆነ። የአስቤስቶስ ብናኝ ሳንባን የሚጎዳ መሆኑ ከታወቀ በኋላ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች እስከ 2005 ድረስ አገዱት። ስለዚህ የቆየ መኪና ፍሪሲዮን ሲፈታ ብናኙን በአየር መንፋት አደገኛ ነው።

፫. ሞላው ወዴት ሄደ?

አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በደቂቃ 1000 ጊዜ ሲዞር በደቂቃ 2000 ጊዜ ይገፋል፤ ይህም በሰከንድ 33 ያህል ምት ማለት ነው። ቮላኖው ምቱን ያለዝበዋል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም። የቀረው ምት ወደ ካምቢዮው እንዳይሻገር በ1930ዎቹ ዓመታት በሸራው እምብርት ዙሪያ ትንንሽ ሞላዎችን መሰካት የተለመደ ሆነ። ከዚህ ወዲህ ከባድነት የቮላኖው፣ ልስላሴ ደግሞ የሸራው ድርሻ ሆኖ ለብዙ ዘመን ኖረ። መካኒኩ ለአጎቴ የሰጠውም ምክር የዚህ ዘመን ምክር ነው።

ነገር ግን በ1985 ሉክ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ ባለሁለት አካል ቮላኖ ለመኪና ሠሪዎች ማቅረብ ጀመረ። ይህ ቮላኖ ከሁለት ክብ ብረቶች የተሠራ ሲሆን፣ በመካከላቸው በግራሶ የተነከሩ ረጃጅም ቅስት ሞላዎች አሉበት። ዝግ ብለው እየዞሩ ብዙ ኀይል ለሚሰጡት አዳዲስ የናፍጣ ሞተሮች እጅግ ተስማማ። ሞላው ወደ ቮላኖው ስለ ገባ፣ በብዙዎቹ መኪናዎች ላይ ሸራው ያለ ሞላ ደረቅ ሆኖ ተሠራ። እንግዲህ የአጎቴ መኪና ነገር በዚህ ይገለጣል። ሞላ ያለበት ቮላኖ ወጣ፤ ሞላ የሌለው ገባ፤ ሸራውም ሞላ አልነበረውም። ምቱን የሚቀበል ስለ ጠፋ ካምቢዮው ዱላውን ሁሉ ብቻውን ተቀበለ።

፬. ወደ ጥያቄው ስንመለስ

ከዚህ ታሪክ የሚከተለውን መለየት ይቻላል።

አንደኛ፤ ባለሁለት አካል ቮላኖ በባለአንድ አካል ሲተካ፣ ሸራው ቢያረጅም ባያረጅም ሞላ ባለው መለወጥ አለበት። በዚህ ላይ ክርክር የለም።

ሁለተኛ፤ ቮላኖው በቀላል ቮላኖ ሲተካ ሌላ ነገር ይመጣል። ስፋታቸውና ቅርጻቸው አንድ ከሆነ፣ 10 ኪሎ የነበረው 6 ኪሎ ሲሆን የሚያጠራቅመው ኀይል ከአሥር እጅ ወደ ስድስት እጅ ይወርዳል። ሞተሩ ቶሎ ይፈጥናል፤ ነገር ግን ዳገት ላይ ሲነሣ ቶሎ ይጠፋል። ሹፌሩም እንዳይጠፋበት ፍሪሲዮኑን ይበልጥ ያንሸራትታል፤ ያረጀ ሸራ ይህን ሙቀት አይችልም።

ሦስተኛ፤ አሮጌ ሸራ የአሮጌውን ቮላኖ ቦይና ጉድጓድ ለምዶ ያለቀ ነው። በአዲስ ለስላሳ ፊት ላይ በመጀመሪያ በከፊል ብቻ ስለሚነካ ሊንሸራተትና በአንድ ስፍራ ሊያግል ይችላል።

አራተኛ፤ ወጪውን እናስብ። የሥራው ዋና ድካም ካምቢዮውን ማውረድና መስቀል ነው፤ ይህ ድካም ደግሞ ለአንድ ዕቃም ለሦስት ዕቃም ያው ነው። ዛሬ የሸራ ዋጋ የቆጠበ ሰው ነገ የእጁን ዋጋ እንደገና ይከፍላል።

ይሁን እንጂ «ሁልጊዜ ለውጥ» ማለትም ሌላ ስሕተት ነው። አዲሱ ቮላኖ ከአሮጌው ጋር አንድ ዐይነትና አንድ ልክ ከሆነ፣ ሸራው በቅርብ ጊዜ የገባ ከሆነ፣ ውፍረቱ ሠሪው ከወሰነው ልክ ካልወረደ፣ ዘይት ካልነካውና ሞላዎቹ ካልላሉ፣ መልሶ መግጠም ይቻላል። ያን ጊዜም ሁለቱ እስኪተዋወቁ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ያለ ከባድ ጭነት በዝግታ መንዳት ይገባል።

መደምደሚያ

እኛ ተማሪዎች ታሪክን ከነገሥታትና ከጦርነት ጋር ብቻ አያይዘን ማየት እንወዳለን። ነገር ግን በአንድ ጋራዥ ወለል ላይ የተኛ ብረትም የራሱ ዘመን አለው፤ ዘመኑን ያላወቀለት ሰው ይከስራል። አጎቴ ይህን ጽሑፍ ሳነብለት ዝም ብሎ ካዳመጠ በኋላ፣ «እንግዲህ መካኒኩን መጠየቅ የነበረብኝ ሸራው አርጅቷል ወይ ብዬ ሳይሆን ሞላው የት ነው ብዬ ነበራ!» አለኝ። ከዚህ የተሻለ መደምደሚያ እኔ አላገኘሁም።