«አሮጌው» ጊታር ስንት ያወጣል?

በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ለሥራ ጉዳይ ሰቆጣ ሰንብቼ ነበር። አላማጣን አልፈን፣ የግራካሱን ጠመዝማዛ ወጥተን፣ ከኮረም ወደ ምዕራብ ታጥፈን የደረስነው አመሻሽ ላይ ነው። ሙያዬ የውኃ ምህንድስና ቢሆንም ጊታር ከተማሪነት ዘመኔ ጀምሮ የተጠናወተኝ አመል በመሆኑ፣ መስክ ስወጣ አንድ ጊታር ከመኪናው ኋላ አይጠፋም። ማታ ማታ ባረፍንበት ሆቴል በረንዳ ላይ ስነካካ የሰማ አንድ ወጣት መምህር በሦስተኛው ቀን በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ መጣ።

«ጋሼ፣ እስቲ ይህቺን ይዩልኝ» አለኝ።

ከረጢቱ ውስጥ ቀይ ቀለሟ የደበዘዘ ኤሌክትሪክ ጊታር ነበረች። አባቱ በደርግ ዘመን በአንድ የኪነት ቡድን ውስጥ ይጫወቱባት እንደነበርና እሳቸው ካረፉ ወዲህ ቆጥ ላይ እንደተቀመጠች ነገረኝ። በቤተሰቡ ዘንድ ሲነገር የኖረው ታሪክ፣ ጊታሯ አስመራ ከነበረው የአሜሪካኖች ቃኘው ጣቢያ በአንድ ወታደር እጅ የወጣች ናት የሚል ነው። መምህሩ በዚያ ሰሞን ፌስቡክ ላይ ያነበበው ወሬ ደግሞ ልቡን ሰቅሎታል፤ አንድ አሮጌ ጊታር አራት ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጠ የሚል። «ይቺስ ስንት ታወጣ ይሆን?» ሲል ጠየቀኝ። የእናቱ ቤት ጣሪያ መቀየር ነበረበትና ጥያቄው የጉጉት ብቻ አልነበረም።

ወሬው እውነት ነው። የፒንክ ፍሎይዱ ጊታሪስት ዴቪድ ጊልሞር እ.ኤ.አ. በ1970 ኒውዮርክ ከሚገኝ ሱቅ የገዛው ጥቁር ፌንደር ስትራቶካስተር፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 በክሪስቲስ ጨረታ 3 ሚሊዮን 975 ሺህ ዶላር ወጥቶበታል። በጊዜው ምንዛሪ ከ110 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑ ነው። ጊልሞር በዚያው ቀን ከ120 በላይ ጊታሮቹን ሸጦ ከ21 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነውን ገቢ የአየር ንብረት ለውጥን ለሚታገል በጎ አድራጎት ድርጅት ሰጥቷል። በዓመቱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 የኒርቫናው ከርት ኮቤይን የተጫወተበት የማርቲን ጊታር ከስድስት ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። እርግጥ ነው፣ በእነዚህ ሁለት ሽያጮች ዋጋው የጊታሩ ሳይሆን የባለቤቱ ስም ነው። የሚገርመው ግን ማንም ዝነኛ ያልነካቸው፣ በየሰው አልጋ ሥር የኖሩ ጊታሮችም የቤት ዋጋ ማውጣታቸው ነው።

ይህን ለመረዳት ወደ 1950ዎቹ መመለስ ያስፈልጋል። ሊዮ ፌንደር የሚባል የካሊፎርኒያ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። በነገራችን ላይ ሰውዬው ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። ምናልባትም ለዚህ ይሆናል ጊታርን እንደ ዕቃ እንጂ እንደ ቅርስ ያላየው። ከወፍራም ሳንቃ ገላውን ቆረጠ፤ አንገቱን እንደ ቀድሞዎቹ ባለሙያዎች በሙጫ ከማጣበቅ ይልቅ በአራት ብሎን አሰረው። አንገቱ ቢሰበር ፈትቶ ሌላ መግጠም ነው። ቴሌካስተር በዚህ ዓይነት ተሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1954 ደግሞ ስትራቶካስተር ተከተለ። ጊብሰን በበኩሉ በ1952 ሌስ ፖልን አወጣ፤ አንገቱ የተጣበቀ፣ ፊቱ እንደ ቫዮሊን የተጠረበ፣ ከበድ ያለ ጊታር ነው።

የኤሌክትሪክ ጊታር ነፍሱ ግን እንጨቱ ሳይሆን ከክሮቹ ሥር የተቀበረው ፒክአፕ ነው (የቶዮታውን ማለቴ አይደለም)። አሠራሩ ቀላል ነው። ማግኔት ላይ ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በሺዎች ለሚቆጠር ዙር ይጠመጠማል። የብረት ክር ከላዩ ሲርገበገብ የማግኔቱን መስክ ያናውጠዋል፤ በሽቦው ውስጥ ደካማ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ማጉያው ያንን አጉልቶ ያሰማል። ክሩ ብረት ካልሆነ ማግኔቱ ምንም አያውቅም። ይህችን ነጥብ አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

በ1950ዎቹ ይህን ሽቦ የሚጠመጥሙት በአብዛኛው ሴት ሠራተኞች ነበሩ፤ ክሩን በእጃቸው እየመሩ። አንዷ ጠበቅ፣ ሌላዋ ላላ ታደርጋለች፤ አንዱ ፒክአፕ ጥቂት መቶ ዙር ይጨምራል፣ ሌላው ይጎድለዋል። ስለዚህ በአንድ ሳምንት ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ጊታሮች ድምፅ አይመሳሰልም። ያኔ ይህ ጉድለት ነበር፤ ዛሬ ሰብሳቢዎች «ጠባይ» ይሉታል።

ቀጥሎ የመጣው የገበያ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1965 ሲቢኤስ የተባለው የብሮድካስት ኩባንያ ፌንደርን በ13 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ሂሳብ ያዦች ገቡ፤ ወጪ ተቆጠበ፤ ጥራቱም ወረደ ተባለ። ከዚያ ወዲህ «ከሲቢኤስ በፊት» የሚለው ሐረግ በጊታር ገበያ ውስጥ እንደ ማኅተም ይቆጠራል። የጊብሰን ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይለያል። ከ1958 እስከ 1960 ድረስ የተሠራው፣ ፊቱ ከቢጫ ወደ ቀይ የሚፈዝ ቀለም ያለው ሌስ ፖል በወቅቱ ገዢ አጥቶ ምርቱ ቆመ። የተሠራው 1 ሺህ 500 ገደማ ብቻ ነው፤ ሲወጣ ዋጋው ከ300 ዶላር አይዘልም ነበር። በ1966 ኤሪክ ክላፕተን ከጆን ሜየል ጋር በሠራው አልበም ያንን ጊታር ከማርሻል ማጉያ ጋር አገናኝቶ ሲያስጮኸው ወጣቱ ሁሉ ፍለጋ ወጣ። ፋብሪካው መሥራት ያቆመውን ዕቃ የሚሸጠው አሮጌ ዕቃ ነጋዴ ብቻ ነው። ዛሬ ከእነዚህ አንዱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል።

ለመሆኑ አሮጌው በእርግጥ ይሻላል? ሰብሳቢዎች እንጨቱ ሲደርቅ ይዘፍናል፣ ስስ ቫርኒሹ ጊታሩን «ያስተነፍሰዋል» ይላሉ። እኔ በግማሹ አልስማማም። ክሎዲያ ፍሪትዝ የምትባል ፈረንሳዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2010 ልምድ ያላቸውን ቫዮሊኒስቶች ዓይናቸውን ጋርዳ የስትራዲቫሪ ቫዮሊኖችንና አዳዲሶችን ብታስነካቸው፣ ብዙዎቹ የመረጡት አዲሱን ነበር። ድምፁ በሳጥኑ እንጨት በሚወሰን ቫዮሊን እንዲህ ከሆነ፣ ድምፁ በሽቦና በማግኔት በሚሠራ ጊታርማ ምን ሊባል ነው? ይልቅ እኔን የሚያሳምነኝ ሌላው ነው። አርባ ዓመት የተያዘ አንገት ጠርዙ ተሞርዶ ለስልሶ እጅ ውስጥ ሲገባ እንደ አሮጌ ጫማ ነው። አዲሱን ሲይዙት ይታገላል።

ገበያው ግን አንድ ሕግ አለው፤ ያልተነካ ይሁን። ቀለሙ ቢላጥም የራሱ ቀለም፣ ብሎኑ ቢዝግም የራሱ ብሎን። አዲስ ቀለም የተቀባ አሮጌ ጊታር ዋጋው በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ፒያሳ አካባቢ የ1960ዎቹ የጃፓን ጊታር በርካሽ አገኘሁ። ቀለሙ መሰንጠቁ አሳፍሮኝ ጋራዥ ወስጄ ጥቁር የመኪና ቀለም አስቀባሁት። ቀለም ቀቢው ሲልገው የፋብሪካውን ስምና ቁጥር አብሮ ላገው። እስከ ዛሬ ማን እንደሠራው አላውቅም።

ወደ አገራችን ስንመጣ ነገሩ ያሳዝናል። ሙዚቃችን በዓለም ሰብሳቢዎች ዘንድ የከበረ ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ያሳተማቸውን ሸክላዎች የአውሮፓ ሰብሳቢ ይሻማባቸዋል። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያዘጋጃቸው የ«ኢትዮፒክስ» ሲዲዎች የማያውቀንን ሕዝብ አስተዋውቀውናል። ማሕሙድ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የቀዳው «ኧረ መላ መላ» በ1986 ብራስልስ ላይ ታትሞ ስንቱን አስደንቋል። በዚያ ሥራ ላይ ጊታር የተጫወተው ሰላም ሥዩም (ሰላሚኖ) ዛሬም ስሙ ይነሣል። ጊታሮቹስ የት ገቡ?

መልሱ ቀላል ይመስለኛል። በክብር ዘበኛ፣ በፖሊስ ሠራዊት፣ በየቴአትር ቤቱ ኦርኬስትራ መሣሪያው የተጫዋቹ ሳይሆን የተቋሙ ነበር። የሆቴል ባንዶችም ቢሆኑ ብዙዎቹ የሆቴሉን ዕቃ ነው የሚጫወቱት። ተጫዋቹ ሲለቅ ጊታሩን መልሶ ይሄዳል፤ ዕቃው ሲያረጅ ከተሰበረ ወንበር ጋር መጋዘን ይገባል፤ ከመጋዘን ወደ ቆራሌው ነው። ሌላው ደግሞ በአደጋ ያልቃል። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል ላይ የደረሰው ቃጠሎ ጃዝአምባን ከነሙዚቃ መሣሪያዎቹ እንደበላው እናስታውሳለን። ሸክላው በየሰው ቤት ስለተበተነ ተረፈ፤ ጊታሩ በአንድ ቦታ ስለተሰበሰበ ጠፋ።

በደርግ ዘመን በየክፍለ ሀገሩና በየአውራጃው የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች ለዚህ ታሪክ ያልተነበበ ምዕራፍ ናቸው። ማሪቱ ለገሠን የመሰለች ድምፃዊት የፈራችበት የወሎ ላሊበላ ኪነት ስሙ ቢቀርም፣ በየትንሹ ከተማ መሲንቆና ክራርን ከኤሌክትሪክ ጊታር ጋር ያጋቡትን ወጣቶች የመዘገበ የለም። የመምህሩ አባት ከእነዚያ አንዱ ነበሩ። እናትየው እንዳጫወቱኝ በአማርኛም በኽምጣኛም ይዘፍኑ ነበር፤ ባቲን በጊታር ሲያወርዱት ለጉድ ነው አሉ።

ጊታሯን አገላብጬ ሳያት የቃኘው ታሪክ ወዲያው ፈረሰብኝ። የአሜሪካ ጊታር ገመዱ የሚሰካበት ቀዳዳ አንድ ነው። የዚህችኛዋ ግን ባለ ብዙ ቀዳዳ ክብ ሶኬት ነበር፤ በድሮ የጀርመን ሬዲዮና ቴፕ ላይ የምናውቀው ዓይነት። አራቱን ብሎን ፈትቼ አንገቷን ሳወጣ ሙዚማ የሚል ማኅተም አገኘሁ። ሙዚማ በምሥራቅ ጀርመን ማርክኖይኪርሸን ከተማ የነበረ የመንግሥት ፋብሪካ ነው። ከተማዋ ደግሞ እንዲህ በቀላሉ የምትታለፍ አይደለችም፤ በአሜሪካ የማርቲን ጊታርን የመሠረተው ክርስቲያን ፍሬድሪክ ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1796 የተወለደው እዚያው ነው። የኮቤይንን የስድስት ሚሊዮን ዶላር ጊታርና ሰቆጣ ቆጥ ላይ የኖረችውን ጊታር የዘር ሐረጋቸው አንድ መንደር ላይ ያገናኛቸዋል።

ሌላም ነገር አየሁ። ክሮቹ የክራር ናይለን ነበሩ። መምህሩ የብረት ክር ቢያጣ በዚያ ተክቷቸው፣ ሞንታርቦ ላይ ሰክቶ ድምፅ ሲጠፋ «ኤሌክትሪኳ ሞታለች» ብሎ ደምድሟል። በማግሥቱ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ሄድን። በቴስተር ስንለካ አንደኛው ፒክአፕ ሽቦው ተበጥሷል፤ ሁለተኛው ግን ደህና ነው። ገመድ ቆርጠን በሶኬቱ ላይ በየድን፤ ከራሴ ጊታር መለዋወጫ የያዝኩትን የብረት ክር ገጠምኩ። አራቱ ወፋፍራም ክሮች የነሐስ ጥቅልል ስላላቸው ደከም ይላሉ፤ ሁለቱ ቀጫጭኖች ግን ግቢውን ሞሉት። እናትየው ከማጀት ብቅ ብለው «ያኔም እንዲህ ነበር፤ ጎረቤት አያስተኛም» ብለው ተመለሱ።

ያኔ ዋጋውን መናገር ግድ ሆነ። እውነቱን ለመናገር ሦስት ሺህ ብር ብሰጠው ደስ ብሎት ይሸጥልኝ ነበር፤ ገንዘቡም ኪሴ ውስጥ ነበረ። የጃፓኑን ጊታሬን አስታወስኩና ዝም ማለት አልቻልኩም። የምሥራቅ ጀርመን ጊታር አውሮፓ ውስጥ ፈላጊ እንዳለው፣ ዋጋው ግን በጥቂት መቶ ዩሮ የሚቆጠር እንጂ ጣሪያ የሚያስቀይር እንዳልሆነ፣ ከሰቆጣ የመላኪያው ወጪም ከዚያ ላይ እንደሚቀነስ ነገርኩት። ፊቱ ወደቀ። ቀጥሎ ጥግ ላይ የነበረ የቀይ ቀለም ቆርቆሮ አሳየኝ፤ አሳምሮ ሊሸጣት አስቦ ኖሯል። እጁን ያዝኩት። ከደጋው ደረቅ አየር የተነሣ ቫርኒሹ እንደ ሸረሪት ድር ተሰንጥቋል፤ ከአሥራ ሁለተኛው ፍሬት አጠገብ ያለው ቀለም በአባቱ አውራ ጣት ልክ ተበልቷል። «ያንን ከቀባኸው የሚቀርህ እንጨትና ሽቦ ነው» አልኩት። ቆርቆሮውን ለበሩ አዋለው።

በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ ሰቆጣ ሲደርስ ስልኩ ተቋረጠ። ወራት አልፈው መስመሩ ሲከፈት ደወልኩለት። ሰው ደህና መሆኑን ጠየቅሁ፤ ስለ ጊታር መጠየቁ አሳፍሮኝ ተውኩት። እሱ ራሱ አነሣው። ቤቱን ጥለው ከመውጣታቸው በፊት አራቱን ብሎን ፈትቶ አንገቷን ለብቻ፣ ገላዋን ለብቻ በከረጢት አስሮ ጎተራው ውስጥ ገብስ አፍስሶባት ነበር። ሲመለሱ ገብሱ የለም። ከረጢቱ ግን ጎተራው ወለል ላይ እንደታሰረ አገኘው፤ እህሉን የወሰደው ሰው ለጊታር ደንታ አልነበረውም። ከመቃኛዎቹ አንዱ ብቻ ተሰብሯል። ቀጭን የብረት ክር እንድልክለት ጠየቀኝ፤ መኪና ሳገኝ ሁለት ፓኬት ከአንድ መቃኛ ጋር ላክሁለት።