ሊጉ ሲሰፋ መሰላሉ ይረዝማል፤ የቴሌቪዥን ገንዘብና የደሴ፣ የኮምቦልቻ እግር ኳስ

ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ቁልቁለት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ አጭር መንገድ ሁለት ጫፎች ላይ ሁለት የእግር ኳስ ክለቦች አሉ፤ ደሴ ከተማ እና ኮምቦልቻ ከተማ። ሁለቱም ከፕሪሚየር ሊጉ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ በሚካሄደው ከፍተኛ ሊግ ተጫውተዋል። ባለፉት አሥር ዓመታት ግን አንዳቸውም ወደ ላይ አላለፉም። ደጋፊው ለዚህ የአሠልጣኝ መቀያየርን፣ የአጥቂ መጥፋትን፣ አንዳንዴም የዳኛን ፊሽካ ምክንያት ያደርጋል። ሁሉም እውነትነት ሊኖራቸው ይችላል። ከሁሉም የሚከብደው ግን የላይኛው ሊግ ራሱ መለወጡ ነው። ሊጉ የቴሌቪዥን ገንዘብ አግኝቷል፣ ኩባንያ ሆኗል፣ የተሳታፊዎቹን ቁጥር አስፍቷል። በዚያው ልክ ወደ እርሱ የሚያደርሰው መሰላል ረዝሟል።

ኳሱን ማን ሲከፍልለት ኖረ?

የኢትዮጵያ ክለቦች ከጥንት ጀምሮ በመግቢያ ትኬት ገቢ ኖረው አያውቁም። የመጀመሪያው የሀገር ሻምፒዮና በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲካሄድ ተወዳዳሪዎቹ የማኅበረሰብ ቡድኖች ነበሩ። የአርመኖቹ አራራት፣ የጣልያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ ተሰልፈው፣ ዋንጫውን የወሰደው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ሆነ። ከዚያ በኋላ ተራው የተቋማት ነበር። የድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር በ1950ዎቹ ደጋግሞ ሻምፒዮን ሲሆን ከጀርባው የቆመው ፋብሪካው ነው። የጦር ሠራዊት፣ የምድር ባቡርና የቴሌ ቡድኖችም በዚሁ መንገድ ኖረዋል። ፕሪሚየር ሊጉ በ1990 ዓ.ም. ሲጀመር የመጀመሪያውን ዋንጫ ያነሣው መብራት ኃይል መሆኑ የዚህ ታሪክ ቀጣይ ነው።

የከተማ አስተዳደሮች በዋና ከፋይነት የመጡት ዘግይተው ነው። ሐዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. ዋንጫውን ከአዲስ አበባ ሲያወጣ ብዙ ከተሞች ተመሳሳይ ምኞት አደረባቸው። ክለብ የከተማ ስም ማስጠሪያ ሆነ፤ ወጪውም በከተማው በጀት ውስጥ አንድ መስመር ያዘ። ደሴ ከተማና ኮምቦልቻ ከተማ የዚህ ዘመን ልጆች ናቸው። እዚህ ላይ መዘንጋት የሌለበት አንድ ነገር አለ። ያ የበጀት መስመር ከመንገድ ጠጠር፣ ከውኃ መስመርና ከጤና ጣቢያ ጋር እየተሻማ የሚኖር ነው። ስለዚህ የተጫዋች ደመወዝ ሲንር የሚነካው የክለቡን ካዝና ብቻ አይደለም።

የተጫዋቾች ክፍያ መናር ባለሥልጣናቱን ማሳሰብ የጀመረው ከቴሌቪዥኑ ገንዘብ በፊት ነው። ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ለአንድ ተጫዋች የሚከፈለው ወርሃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር። ጣሪያው በወረቀት ላይ ጸና፤ በጎን የሚከፈል ገንዘብ አለ የሚለው ወሬ ግን አልቆመም። አንድ ክለብ በጓሮ በር ከከፈለ ሌላው በፊት ለፊት በር ተጫዋች ያጣል፤ ስለዚህ ደንቡን ያከበረው ይጎዳል። እንዲህ ያለ ጣሪያ የሚሠራው የክለቦቹን ሒሳብ ገብቶ የሚመረምር አካል ሲኖር ብቻ ነው።

ካሜራው መጣ፣ ሜዳው ራቀ

በ2012 ዓ.ም. የሊጉ አስተዳደር ከፌዴሬሽኑ እጅ ወጥቶ ክለቦቹ ባለድርሻ ለሆኑበት አክሲዮን ማኅበር ተላለፈ። በዚያው ዓመት ውድድሩ በኮሮና ወረርሽኝ ተቋርጦ ያለ ሻምፒዮን ቀረ። በ2013 ሲመለስ መልኩ ሌላ ነበር። የመልቲቾይስ ኩባንያ ጨዋታዎቹን በሱፐርስፖርት ለማስተላለፍ ለአምስት ዓመት ተዋዋለ። የውሉ መጠን 22.5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር መሆኑ ተነገረ፤ በዓመት ሲካፈል 4.5 ሚሊዮን ነው። የውርርድ ድርጅቱ ቤትኪንግ ደግሞ ስሙን ከሊጉ ስም ፊት አስቀደመ። ለዘመናት በበጀት ድጎማ ለኖረ ውድድር ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። የሀገሪቱ ሊግ በራሱ ጨዋታ የሚሸጥ ነገር እንዳለው ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ መጠን ታየ።

ከገንዘቡ ጋር የመጣው ሌላው ለውጥ ግን ለየከተማው ሕዝብ ከብዶታል። በወረርሽኙ ጥንቃቄና በስርጭቱ ምቹነት ምክንያት ክለቦቹ ሁሉ በአንድ ከተማ ተሰባስበው ለሳምንታት እየተጫወቱ ወደ ሌላው ከተማ መዛወር ጀመሩ። የ2013ቱ ውድድር በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ተካሄደ። ፋሲል ከነማ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫውን ያነሣው በዚያ ዓመት ነው፤ ጎንደር ግን ሻምፒዮኗ በፋሲለደስ ስታዲየም አንድ የሊግ ጨዋታ ሲያደርግ አላየችም። የሜዳ ባለቤትና እንግዳ የሚለው አጠራር በመርሐ ግብሩ ላይ ቀረ እንጂ ትርጉሙ ጠፋ። ከፍተኛ ሊጉም ምድብ በምድብ ተከፍሎ በተመረጡ ከተሞች ሲካሄድ ቆይቷል።

ሒሳቡን ለማየት ያህል፣ በዚህ አሠራር አንድ ክለብ ለሳምንታት የሆቴል አልጋ፣ የምግብና የመኪና ወጪ ይከፍላል፤ በአንጻሩ የትኬት ገቢ፣ በሜዳው ዙሪያ የሚሰቀል የአካባቢ ነጋዴ ማስታወቂያና የማሊያ ሽያጭ ይቀርበታል። ፕሪሚየር ሊግ ውስጥ ያለው ክለብ ጉድለቱን ከቴሌቪዥኑ ድርሻ በጥቂቱ ይሞላል። ከፍተኛ ሊግ ውስጥ ያለው ግን ያንኑ ዓይነት ወጪ እያወጣ ከዚያ ገንዘብ ተካፋይ አይደለም። የሆጤ ስታዲየም ጎረቤት የሆነ የደሴ ደጋፊ የገዛ ከተማውን ክለብ ውጤት በስልክ ሲሰማ፣ ፒያሳ ወርዶ የእንግሊዝን ሊግ በቀጥታ ያያል። የቅርቡ ሩቅ፣ የሩቁ ቅርብ ሆኗል።

የቴሌቪዥን ገንዘብ የውድድርን ካርታ ሲያጣምም ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ አይደለችም። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በእጅ የሚጫወቱት ፉትቦል ለመቶ ዓመት ያህል በጉርብትና በተሰባሰቡ ማኅበራት ተደራጅቶ ኖሯል። እነዚህ ማኅበራት የስርጭት መብታቸውን በቢሊዮን ዶላሮች መሸጥ ሲጀምሩ ግን ጉርብትናው ፈረሰ። ቢግ ቴን የተባለው ማኅበር በ2022 እ.ኤ.አ. ለሰባት ዓመታት ወደ ሰባት ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ውል ተፈራረመ፤ በ2024 አባላቱ 18 ደረሱ። የሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲዎች አህጉሩን አቋርጠው ኒው ጀርሲ ድረስ ለመጫወት ተገደዱ። አባላቱን የተነጠቀው የምዕራቡ ዳርቻ ማኅበር ፓክ 12 ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ቀሩት። የቀሩት ኦሪገን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴት ኳስ የማይችሉ ሆነው አልነበረም፤ ለቴሌቪዥን ገበያ የሚያጓጓ ትልቅ ከተማ ስላልነበራቸው ነው። የገንዘቡ መጠን ከእኛ ጋር አይነጻጸርም፤ አካሄዱ ግን አንድ ነው።

ቦዩ ሲረዝም

በ2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት የትግራይ ክለቦች ሳይሳተፉ ስለቀሩ ሊጉ በ13 ክለቦች ተካሄደ። በሚቀጥሉት ዓመታት ወደ 16 ተመለሰ። በ2017 መቐለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲና ስሑል ሽረ ሲመለሱ ቁጥሩ ከዚያ በላይ ሆነ። የእነርሱ መመለስ ተገቢ ነበር፤ በጨዋታ ተሸንፈው የወጡ አልነበሩምና። ቁጥሩ የሚያመጣው መዘዝ ግን የስፖርቱን ፍትሕ አይጠይቅም። በ13 ክለቦች ሊግ አንድ ክለብ 24 ጨዋታ ያደርጋል፤ በ16 ክለቦች 30፤ በ19 ክለቦች 36። የጠቅላላው ውድድር ጨዋታ ከ156 ወደ 342 ያድጋል። የሆቴሉ ሳምንታትም አብረው ይረዝማሉ።

የስርጭቱ ገንዘብ ግን በጨዋታ ብዛት አላደገም። ለማስላት እንዲመች ዓመታዊው 4.5 ሚሊዮን ዶላር ሙሉ በሙሉ ለክለቦች እኩል ይከፈላል ብንል፣ ለ13 ሲካፈል ለእያንዳንዱ 346 ሺህ ያህል፣ ለ19 ሲካፈል 237 ሺህ ያህል ይደርሳል። በቦርከና ዳር በመስኖ የሚያለማ ገበሬ ይህ አይጠፋውም፤ ቦዩ ሲረዝም ውኃው አይጨምርም፣ ተራ ግን ይርቃል። ከቦዩ ውጭ ላለው ማሳ ደግሞ የውኃው ክፍፍል መሻሻሉም ሆነ መበላሸቱ ትርጉም የለውም።

ለደሴና ለኮምቦልቻ የሚጠቅመው ጥያቄ መሰላሉን የወጣ ክለብ ላይ ምን ደረሰ የሚለው ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ሦስት ክለቦች ከከፍተኛ ሊጉ በአንድነት አደጉ፤ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ሻሸመኔ ከተማና የዱራሜው ሀምበሪቾ። ሦስቱም በአንድ ዓመት ከአንድ ውድድር የወጡ ናቸው። በ2016 መጨረሻ ንግድ ባንክ የፕሪሚየር ሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። ሻሸመኔና ሀምበሪቾ ወደ መጡበት ተመለሱ። በሀገሪቱ ትልቁ ባንክ የሚደገፍ ክለብ ክረምቱን ተጫዋች በማስፈረም ሲያሳልፍ፣ የከተማ ክለብ የበጀት ማጽደቂያ ስብሰባ ይጠብቃል። ልዩነቱን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ዓመት መፈለግ አያስፈልግም።

የጅማ አባ ጅፋር ታሪክ ደግሞ ሌላውን ጎን ያሳያል። በ2010 ዓ.ም. እንዳደገ በመጀመሪያ ዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ፤ በየዓመቱ የደመወዝ አቤቱታ እየተሰማበት ቆይቶ በ2014 ወረደ። ዋንጫ ማንሳት አንድ ነገር ነው፤ ዋንጫውን ያነሣውን ቡድን በሁለተኛው ዓመት መመገብ ሌላ።

የወሎ ሒሳብ

ለሁለቱ ከተሞች የቅርብ ምሳሌ የምትሆነው ወልዲያ ናት። የሰሜን ወሎዋ ከተማ ክለብ በ2007 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ ገብቶ ወረደ፣ በ2009 ደግሞ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ጥር ላይ በሼኽ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ገንዘብ የተሠራውና ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዘው ስታዲየም ተመረቀ። ከተማዋ ብዙ የክልል መዲናዎች የሌላቸውን ሜዳ አገኘች። በ2010 ጥቅምት ባለሀብቱ በሳዑዲ ዓረቢያ ታሰሩ፤ ውድድር ዓመቱ በወልዲያ በጸጥታ ችግር የታመሰ ነበር፤ በመጨረሻው ክለቡ ወረደ። ስታዲየሙ ቆሞ ቀረ፤ ፕሪሚየር ሊጉ ግን ሄደ። ሜዳ በአንድ ሰው ቸርነት ሊሠራ ይችላል። ክለብን በየወሩ የሚያኖረው ገቢ ግን ከአንድ ምንጭ ብቻ ከሆነ ምንጩ በደረቀ ዕለት ያበቃል።

ጎንደር ላይ ዳሸን ቢራ የራሱን ክለብ አቋቁሞ እስከ ፕሪሚየር ሊግ አድርሶት ነበር። ክለቡ በ2008 ዓ.ም. ከወረደ በኋላ ፈረሰ፤ ፋብሪካው ግን አልፈረሰም። ለድርጅት ክለብ የማስታወቂያ ወጪ ነው፤ ከሰንጠረዡ ሲወርድ ወጪው ይሰረዛል።

ኮምቦልቻ በዚህ ረገድ የሚያስገርም ነገር አላት። ከተማዋ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ የብረታ ብረት ፋብሪካ፣ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮም የኢንዱስትሪ ፓርክ ያላት ናት። የቢጂአይ ኢትዮጵያ የቢራ ፋብሪካም በ1990 ዓ.ም. በዚሁ ተተክሏል። የኩባንያው ስም በእግር ኳስ የሚታወቀው ግን የአዲስ አበባውን ቅዱስ ጊዮርጊስ በመደገፉ ነው። ማስታወቂያ የሚከተለው ቢራው የሚጠመቅበትን ሥፍራ ሳይሆን ካሜራው የሚያየውን ማሊያ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከስርጭትና ከመንገድ ሰሌዳ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ያ የገንዘብ በር ጠብቧል።

በዚህ ሁሉ ላይ ጦርነቱ ተጨመረ። ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወድቀው ኅዳር 27 ቀን ነበር ነጻ የወጡት። ፋብሪካዎች ተዘርፈዋል፣ የሕዝብ ተቋማት ወድመዋል። ከዚያ በኋላ ያለው የከተማ በጀት ቅድሚያ የሚሰጠው ለምን እንደሆነ መገመት አያስቸግርም።

እንግዲህ ሁለቱ ክለቦች ይዋሃዱ የሚለው አሳብ በሒሳብ ብቻ ሲታይ ያሳምናል። ግማሽ ሰዓት በሚያህል መንገድ ልዩነት ላይ ሁለት የአሠልጣኝ ቡድን፣ ሁለት ካምፕና ሁለት የዝውውር በጀት ከመያዝ አንዱን ማጠናከር ወጪ ይቆጥባል፤ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎችና የደሴ ንግድ በአንድ ማሊያ ላይ ሊገናኙም ይችላሉ። ይሁን እንጂ የአሜሪካዎቹ ማኅበራት ያጡት ይህንኑ ነው። የጎረቤት ፉክክር በገንዘብ የማይገዛ ሀብት ነው፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሽቅብ የሚወጣ ደጋፊ የሚመጣው ደሴን ለማሸነፍ ነው እንጂ ከደሴ ጋር በአንድ ሠንጠረዥ ለመደመር አይደለም። ጨዋታዎች ወደየከተማው ሜዳ ቢመለሱ ይህ ፉክክር የመጀመሪያው የገቢ ምንጭ ይሆን ነበር። በተመረጡ ከተሞች እስከተሰበሰቡ ድረስ ግን የሁለቱ ጨዋታ በሩቅ ከተማ፣ በባዶ መቀመጫ ፊት ይካሄዳል።

ለጊዜው በክለቦቹ እጅ ያለው የታዳጊ ሥራ ነው። ከተሁለደሬ፣ ከኩታበር፣ ከቃሉና ከደሴ ዙሪያ የሚመጡ ልጆች ወደ ከተሞቹ ቡድኖች ይገባሉ፤ ጎበዙ ወደ ትልልቅ ክለቦች ይሄዳል፤ አሳዳጊው ክለብ ብዙ ጊዜ እጁ ባዶ ይቀራል። በዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበር በፊፋ ደንብ መሠረት ግን አንድ ተጫዋች ኮንትራቱ ሳያልቅ በክፍያ ወደ ውጭ ሀገር ክለብ ሲዛወር፣ ከዝውውሩ ክፍያ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ባሳደጉት ክለቦች መካከል ይከፋፈላል። ድርሻውን ለማግኘት ልጁ በየትኛው ዓመት በየትኛው ክለብ እንደተመዘገበ የሚያሳይ የፌዴሬሽን መዝገብ ይጠየቃል። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ያልተመዘገበ ልጅ በሃያ ዓመቱ ለአሳዳጊው ክለብ የሚያስገባው ገንዘብ የለም።